መብራት መጣ

ስለ ብርሃን፣ ስለ ምንጮቹና ስለ መስታወት ለሕዝብ የተደረገ ንግግር



ማታ ሰፈሩ ድንገት ድቅድቅ ሲል «መብራት ሄደ» እንላለን። ሲመለስ ደግሞ ልጆች ከየቤቱ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። መብራትን እንደ እንግዳ ነው የምንቆጥረው፤ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። አነጋገሩ ለባለ ወፍጮው ምሬት ነው። ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር የኖርሁትን እኔን ግን ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ብርሃን በእውነት ይመጣል። ከአንድ ቦታ ይነሣል፣ መንገድ ይሄዳል፣ አንድ ነገር ይመታል፣ ከዚያ ተመልሶ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። ዛሬ ማታ የምነግራችሁ የዚህን ጉዞ ታሪክ ነው። የተጠራሁት ስለ መስታወት እንድናገር መሆኑን አልረሳሁም፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን በጣሪያ ቀዳዳ በኩል እንግባ።

ያደግሁት ቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ከሌላ ቤት ተነቅሎ እንደገና የተመታ ስለነበር የድሮዎቹ የምስማር ቀዳዳዎች ክፍት ቀርተው ነበር። ክረምት ላይ ከየቀዳዳው ሥር ጣሳ ይደቀናል። በጋ ላይ ግን በእነዚያው ቀዳዳዎች ፀሐይ ትገባና ወለሉ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ክብ ብርሃን ትበትናለች። እናቴ ቡና ልታፈላ ዕጣን ስታጨስ ደግሞ ከቀዳዳው እስከ ወለሉ የተዘረጋ ቀጥ ያለ የብርሃን ዘንግ ይታያል። እጄን ሰድጄ ልጨብጠው እሞክር ነበር።

በዚያ ክፍል ውስጥ የብርሃን ትምህርት ግማሹ ነበረ። ዘንጉ አይጎብጥም፤ ብርሃን መንገዱ ካልተነካ በቀጥታ ይጓዛልና። ጥላ የሚባለው ነገር የዚህ ውጤት ነው፤ ብርሃን ዛፉን ዞሮ ከኋላው መድረስ አይችልም። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይደንቃል። ዕጣኑ ከመጨሱ በፊት ዘንጉ አይታይም ነበር። ብርሃኑ እዚያው ነው፣ በፊቴ ያልፋል፤ እኔ ግን አላየውም። ጭሱ ሲነሣ እያንዳንዷ ቅንጣት ከሚያልፈው ብርሃን ጥቂቱን ወደ ዓይኔ ትመልሳለች፤ ያኔ «ብርሃን አየሁ» እላለሁ። በጎናችን የሚያልፍ ብርሃን ለእኛ እንደሌለ ነው። የምናየው ወደ ዓይናችን የመጣውን ብቻ ነው።

ስለ ክብ ክቦቹም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፍ ነገር ነው። ምስማር የቀደደው ቆርቆሮ ክብ አይደለም። አንዱ ቀዳዳ የተሰነጠቀ ነው፣ አንዱ አራት ማዕዘን ይመስላል፣ አንዱ ጫፉ ተቆልምሟል። ወለሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ግን በእኩለ ቀን ሁሉም ክብ ነው። ለምን? ክቡ የቀዳዳው ቅርጽ ስላልሆነ ነው። የፀሐይ ምስል ነው። ከፀሐይ የላይኛው ጫፍ የተነሣው ብርሃን በጠባቧ ቀዳዳ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከታችኛው ጫፍ የተነሣው ወደ ላይ ያልፋል፤ በዚህ መንገድ ወለሉ ላይ የተገለበጠች ትንሽ ፀሐይ ትሳላለች። ከ3 ሜትር ከፍታ የምትወርደው ፀሐይ ስፋቷ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ ጨረቃ የፀሐይን መሐል ሸፍና ዳሯን ብቻ እንደ ቀለበት ስታስቀር፣ በቅጠል መካከል ሾልኮ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃንም የቀለበት ቅርጽ ይዞ ነበር። ፎቶ ማንሻ ማለት በመሠረቱ ይህችው ቀዳዳ ናት።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። አማርኛችን ስለ ማየት ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን ይናገራል። «ዓይኑን ጣለባት» ስንል ዓይን አንድ ነገር የሚወረውር ይመስላል። የክፉ ዓይን ፍርሃትም ከዚሁ ጎራ ነው። «ዓይኔ ገባች» ስንል ግን የምትታየዋ ናት ወደ ዓይን የምትመጣው። ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው ኤውክሊድ፣ ከዓይን የሚወጣ ጨረር ነገሮችን እንደ በትር እየዳሰሰ እንደሚያያቸው አድርጎ ጽፏል፤ እጅግ ብዙ ሊቃውንትም ተከትለውታል። ነገሩን ያዞረው እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብን አል ሃይሰም ነው። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ዓይኑ ይቆስላል፤ ዓይን ላኪ ቢሆን ኖሮ በራሱ ሥራ ለምን ይቆስላል? ሰባት ክፍል ያለው «ኪታብ አል መናዚር» የተባለው መጽሐፉ፣ የምናየው ብርሃን ከነገሮች ተነሥቶ ወደ ዓይን ሲገባ መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ ከአማርኛችን ውስጥ ትክክለኛው «ዓይኔ ገባች» የሚለው ሆኖ ተገኘ። አፍቃሪዎች ከኤውክሊድ ቀድመው ነበር ማለት ነው።

ብርሃን መንገደኛ ከሆነ ፍጥነቱ ስንት ነው? ለረጅም ዘመን ብዙ ሰዎች «ጊዜ አይፈጅበትም» ይሉ ነበር፤ አይፈረድባቸውም። ጊዜ እንደሚፈጅበት ማሳየት የተሳካለት የመጀመሪያው ሰው ሰዓቱን የተመለከተው በሰማይ ላይ ነው። ኦሌ ሮመር የተባለ ዴንማርካዊ በፓሪስ ሆኖ፣ ጁፒተርን የምትዞረው አዮ የምትባል ጨረቃ ወደ ጁፒተር ጥላ የምትገባበትንና የምትወጣበትን ሰዓት ይመዘግብ ነበር። መሬት ከጁፒተር ስትርቅ አዮ እየዘገየች፣ ስትቀርብ ደግሞ እየቀደመች አስቸገረችው። እ.ኤ.አ. በ1676 ሮመር፣ ጨረቃዋ ሰዓቷን አላጎደለችም፣ የዘገየው ከእሷ የሚመጣው ብርሃን ነው አለ፤ ርቀቱ ሲጨምር መንገዱ ይረዝማል። የኅዳሩ ግርዶሽ 10 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ እንደሚታይም አስቀድሞ ተናገረ፤ እንዳለውም ሆነ። ስሌቱ ከዛሬው ቁጥር ይለያል፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። ዛሬ የሚታወቀው የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ ሜትር ራሱ የሚተረጎመው ከዚህ ቁጥር ነው። በሌላ አባባል፣ ብርሃን በአንድ ሰከንድ መሬትን ሰባት ጊዜ ተኩል ይዞራታል። ከጨረቃ እዚህ ለመድረስ 1.3 ሰከንድ፣ ከፀሐይ ደግሞ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። ጠዋት የምታዩት ፀሐይ የ8 ደቂቃ የቆየ ወሬ ነው።

ብርሃን ከየት ይነሣል? አንዱ መንገድ መጋል ነው። ብረት ቀጥቃጩ እንደሚያውቀው ብረት መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ይነጣል። ፀሐይ ገጿ 5,500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል የጋለ ነው፤ በማኅፀኗ ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም ሲለወጥ የሚወጣው ኃይል ነው የሚያግላት። የድሮው አምፖል ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦም በ2,500 ዲግሪ አካባቢ ትግላለች። ከምትበላው ኃይል ከአሥር አንዱን እንኳ ወደ ብርሃን አትለውጠውም፤ የቀረው ሙቀት ነው። ዶሮ አርቢዎች ጫጩት የሚያሞቁት በእሷ መሆኑ ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ አምፖሏ መብራት ከመሆኗ በፊት ምድጃ ናትና።

ኩራዝ ግን የበለጠ ታስገርመኛለች። ጋዙ ሲቃጠል የሚወጣው ቢጫ ነበልባል ምንድን ነው? ለንደን ውስጥ ሚካኤል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. ከ1860 ወደ 1861 በተሻገረው የገና ወቅት ለወጣቶች ስድስት ንግግር ያደረገው ስለ አንዲት ሻማ ብቻ ነበር፤ መልሱም እዚያ ይገኛል። ቢጫው ብርሃን የሚወጣው ገና ካልተቃጠሉ፣ በነበልባሉ ውስጥ ከጋሉ የከሰል ብናኞች ነው። በአጭሩ ከጥቀርሻ። ያ የፋኖሱን ብርጭቆ የሚያጠቁረው፣ የግድግዳችንን ጥግ የሚያጨልመው ጥቀርሻ፣ ከነበልባሉ ሳይወጣ በፊት ብርሃናችን ነበር። የቡታጋዝ ነበልባል ሰማያዊና ደብዛዛ የሆነው ጋዙ በደንብ ስለሚቃጠልና ጥቀርሻ ስለማይተርፈው ነው። ለማብሰል ይሻላል፤ ለማንበብ ግን ኩራዝ ትበልጠዋለች።

ሳይግሉ ማብራትም አለ። አብሪ ትል ሆዷ ውስጥ በኬሚካል ታበራለች፤ ብትይዟት አታቃጥልም። ዛሬ በየቤቱ የገባው ኤል.ኢ.ዲ. አምፖልም ኤሌክትሪክን በቀጥታ ወደ ብርሃን ይለውጣል። ቀዩና አረንጓዴው ቀድመው ተገኝተው ነበር፤ ያስቸገረው ሰማያዊው ነው። ያለ ሰማያዊ ነጭ ብርሃን አይሠራም። ይህን የፈቱት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ብርሃን አመንጪዎቹን በዚህ ልተዋቸው፤ ምክንያቱም ከምናያቸው ነገሮች መካከል በጣም ጥቂቶቹ ናቸው። እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከጣሪያው መብራቶች በቀር በዚህ አዳራሽ ውስጥ በራሱ የሚያበራ ምን አለ? ወንበሩ አያበራም፣ የጎረቤታችሁ ፊት አያበራም፣ እኔም አላበራም። የምታዩን የጣሪያውን ብርሃን ስለምንመልስላችሁ ነው። ጨረቃም እንደዚሁ ተመላሽ ናት። ለዚያውም ደካማ፤ ከሚያርፍባት የፀሐይ ብርሃን የምትመልሰው 12 በመቶ ያህል ነው፣ ያረጀ አስፋልት የሚመልሰውን ያህል ማለት ነው። እጮኛውን «ጨረቃዬ» የሚል ሰው ይህን ባያውቅ ይሻለዋል። ጨረቃ የምታምረን ከጥቁር ሰማይ ጋር ስለምናስተያያት ነው።

ይህን ያህል የቆየሁት ለአንድ ነገር ነው። ብርሃን መመለስ የመስታወት ልዩ ሥራ ይመስለናል። አይደለም። ብርሃን የማይመልስ ነገር ቢኖር አናየውም። ጥሩ ነጭ ወረቀት ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ጥሩ የቤት መስታወት 90 በመቶ ገደማ። ልዩነቱ ይህን ያህል ጥቂት ከሆነ፣ ወረቀት ላይ ፊቴን ለምን አላይም?

አንድ ጨረር ለስላሳ ገጽ ሲመታ እንደ ኳስ ነጥሮ ይመለሳል፤ ቀጥ ብሎ የመጣ ቀጥ ብሎ፣ ተኝቶ የመጣ ተኝቶ ይሄዳል። የመጣበትና የሄደበት ማዕዘን እኩል ናቸው። ይህ ሕግ ለመስታወትም ለወረቀትም አንድ ነው። ወረቀት ግን በአጉሊ መነጽር ቢታይ ገጹ ወጣ ገባ ነው፣ የተዝረከረከ ጭድ ይመስላል። እያንዳንዱ ጨረር ሕጉን አክብሮ ይነጥራል፤ የነጠረበት ቁልቁለት ግን ከጎረቤቱ ይለያል፤ ስለዚህ ጨረሮቹ ከስታዲየም እንደሚወጣ ሕዝብ በየአቅጣጫው ይበተናሉ። ከአፍንጫዬ የተነሣውና ከጆሮዬ የተነሣው ተደባልቀው ነጭ ሆነው ይቀራሉ። መስታወት ላይ ግን ሰልፋቸውን እንደያዙ ይመለሳሉ። መስታወት እንግዲህ ብርሃን የሚመልስ ነገር ሳይሆን፣ ብርሃንን ሥርዓቱን ሳያፈርስ የሚመልስ ነገር ነው።

ምስክር ልጥራ። አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ከማዶ ተራራ ላይ ሆናችሁ ስታዩት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ዓይን ያጠፋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዝገቱ ገጹን ሲያሻክረው ያ ብልጭታ ይጠፋል፤ ቆርቆሮው አሁንም ብርሃን ይመልሳል፣ ሥርዓቱን ግን አፍርሷል። ጥቁር መሆንም መስታወትነትን አይከለክልም። የቡና ሲኒያችሁን አጎንብሳችሁ እዩት፤ በጥቁሩ ቡና ላይ የጣሪያው አምፖል ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሰው ልጅ የመጀመሪያዎቹ መስታወቶችም ጥቁር ነበሩ። በዛሬዋ ቱርክ፣ ቻታልሆዩክ በተባለ ጥንታዊ መንደር የተገኙት 8,000 ዓመት ያህል የሆናቸው መስታወቶች ተፈግፍጎ የለሰለሰ ባልጩት ናቸው። ባልጩት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ አካባቢ የድንጋይ ዘመን ሰዎች መሣሪያቸውን የሚጠርቡት ከዚሁ እሳተ ገሞራ ከተፋው ጥቁር ብርጭቆ ነበር፤ መገኛው ቦታ ራሱ ባልጭት ይባላል። መልካ ቁንጡሬና ባልጭት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ዛሬ የምንጠቀምበት መስታወት፣ ከብርጭቆ ጀርባ በስሱ የተቀባ ብረት ነው። ቬኒሳውያን ቲን የተባለውን ብረትና ሜርኩሪን ይለስኑ ነበር፤ ሜርኩሪ ሠራተኞችን ይመርዛል። እ.ኤ.አ. በ1835 ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በብርጭቆ ላይ ብርን በኬሚካል የሚያሳርፍ ዘዴ አገኘ፤ ርካሽ መስታወት የመጣው ከዚያ ነው።

ስለ አስፋልት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ በተለይ ለምታሽከረክሩ። ደረቅ አስፋልት ሸካራ ነው፤ የመኪናችሁን መብራት በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ጥቂቱ ወደ እናንተ ይመለስና መንገዱ ይታያችኋል። በክረምት ማታ ግን ውኃው ጉድጓዱን ሞልቶ ገጹን መስታወት ያደርገዋል። መብራታችሁ ነጥሮ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ለእናንተ እምብዛም አይመለስም። መንገዱ እንደ ቀለም ጠቁሮ ይውጣችኋል፣ ከፊት ለሚመጣው ሾፌር ግን ዓይን የሚያጠፋ ሆኖ ይደርሰዋል። መብራታችሁ የደከመ ይመስላችኋል እንጂ አልደከመም፤ መንገዱ መስታወት ሆነባችሁ። መድኃኒቱ ረጅሙን መብራት ማብራት አይደለም፤ ፍጥነት መቀነስ ነው።

ወደ ቤት መስታወት እንግባ። መላ ቁመታችሁን ለማየት ምን ያህል መስታወት ያስፈልጋችኋል? ሁሉም ተማሪ «የቁመቴን ያህል» ይላል። ግማሹ ይበቃል። 170 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም ሰው 85 ሴንቲ ሜትር መስታወት በትክክለኛው ከፍታ ከተሰቀለ ከእግር እስከ ራስ ያሳያል። «ወደ ኋላ ብሄድ የበለጠ አያለሁ» የሚለውም ስሕተት ነው፤ ርቀቱ ምንም አይለውጥም። ምክንያቱም ምስላችሁ መስታወቱ ገጽ ላይ አይደለም ያለው። እናንተ ከመስታወቱ በራቃችሁት ልክ ከኋላው ርቆ የቆመ ይመስላል፤ መስታወቱ በሁለታችሁ እኩሌታ ላይ የተከፈተ መስኮት ነው። ከኋላው በእርግጥ ግድግዳ እንጂ ማንም የለም። ሕፃን ልጅ ይህን አያምንም፤ ዞሮ ከኋላ ይፈልጋል፤ ተመራማሪ ስለሆነ።

አሁን የዘወትሩ ጥያቄ። መስታወት ቀኝን ግራ የሚያደርግ ከሆነ ለምን ራስን እግር አያደርግም? ይህን ጥያቄ ለሠላሳ ዓመት ያህል ለተማሪዎች ሳቀርብ ኖሬያለሁ፤ ጥሩ ጥሩዎቹ ይናደዳሉ። መልሱ፣ መስታወት ቀኝን ግራ አያደርግም። መስታወቱ በሰሜን ግድግዳ ላይ ነው እንበል። በምሥራቅ በኩል ያለውን እጃችሁን አንሡ፤ ምስሉም የምሥራቁን እጅ ያነሣል። ራሳችሁ ላይ ነው፣ የእሱም ላይ ነው። የእናንተ አፍንጫ ግን ወደ ሰሜን ይጠቁማል፣ የእሱ ወደ ደቡብ። መስታወት የገለበጠው ይህን ብቻ ነው፤ ፊትን ከኋላ። ታዲያ «ግራ ነው» የሚያሰኘን የራሳችን ሐሳብ ነው፤ ዞረን ሄደን እሱ ቦታ ላይ የቆምን አድርገን እናስባለን፣ የዞረ ሰው ደግሞ ቀኝና ግራው ይለዋወጣል።

ላላመነኝ ፈተናው ቀላል ነው። በሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ ላይ «ገነት» ብላችሁ ጻፉ። ለራሳችሁ እንደሚነበብ አድርጋችሁ በእናንተና በመስታወቱ መካከል ያዙት። መስታወቱ ውስጥ ያለውም ቀጥ ብሎ «ገነት» ይላል፤ ምንም አልዞረም። በወረቀት ሲሆን የሚዞረው፣ ወረቀቱን ለመስታወቱ ለማሳየት እናንተው ስለምታዞሩት ነው። ተከሳሹ ነፃ ነው።

አማርኛ ለመስኮቱም ለመልክ ማያውም «መስታወት» ማለቱ ያስወቅሰዋል የሚሉ አሉ። እኔ አልወቅሰውም። ተራ የመስኮት መስታወት ከሚያርፍበት ብርሃን 8 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ቀን ላይ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ስለሚያይል አናስተውለውም፤ ማታ ውጭው ሲጨልም ግን ያው መስኮት መልክ ማያ ይሆናል። ክፍላችሁ በርቶ መጋረጃ ካልጋረዳችሁ እናንተ ራሳችሁን ታያላችሁ፣ መንገደኛው ደግሞ እናንተን።

የጎበጠ መስታወት ሌላ ጠባይ አለው። የማንኪያ ጀርባ ወደ ውጭ ያበጠ ነው፤ ሰፊ ቦታ አሳንሶ ያሳያል። የመኪና ስፖኪዮ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው፤ ከኋላ የሚመጣው አውቶቡስ ትንሽ ስለሚመስል ሩቅ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ። ወደ ውስጥ የጎደጎደው ደግሞ ከሩቅ የመጣውን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል። በየጣሪያው ላይ የተተከለው ዲሽ ይኸው ነው። ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ የብርሃን ዘመድ ነው፤ ሳህኑ ሰብስቦ ፊት ለፊቱ የተንጠለጠለችው ኤል.ኤን.ቢ. የምትባል ተቀባይ ላይ ያሳርፈዋል። «ዲሽ እኮ አያብረቀርቅም፣ አንዳንዱማ ወንፊት ነው» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለስላሳነት የሚለካው በሞገዱ ርዝመት ነው። ለዓይናችን የሚታየው ብርሃን ሞገዱ ከሺህ አንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ የሳተላይቱ ሞገድ ግን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ የቆየው ትልልቅ ዲሽ የሚቀበለው ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ለእሱ ወንፊቱ የተወለወለ መስታወት ነው። ለእኛ ግን መስታወት ምን ያህል ልከኛ መሆን እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ሕዋ የተላከው ሃብል ቴሌስኮፕ ያስረዳል። 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወቱ ዳሩ ላይ 2.2 ማይክሮ ሜትር ያህል ጠፍጥፎ ተሞረደ፤ የፀጉር ውፍረት አንድ ሃምሳኛ ያህል ማለት ነው። ምስሉ ሁሉ ተደበዘዘ፤ ጠፈርተኞች በ1993 ታኅሣሥ ላይ ወጥተው እስኪያርሙት ድረስ። በእንጦጦ ተራራ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የቆሙት የእኛ ሁለት ቴሌስኮፖችም የሚሠሩት አንድ አንድ ሜትር ስፋት ባላቸው መስታወቶች ነው።

13 ወር ፀሐይ አለን እያልን የምንፎክር ሰዎች የማናስበው መስታወት ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ አለ። ርዩካን የምትባል ከተማ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ስላለች ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ አይደርሳትም። እ.ኤ.አ. በ1928 ነዋሪዎቹ ፀሐይ የሚያዩበት በገመድ የሚወጣ ሠረገላ ተሠራላቸው። በ2013 ደግሞ ከከተማዋ 450 ሜትር በላይ ባለው ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው 17 ካሬ ሜትር የሆኑ ሦስት መስታወቶች ተተከሉ። ፀሐይን እየተከተሉ ዞረው ብርሃኗን አደባባዩ ላይ ያወርዱታል። ልጅ ሆነን በመስታወት ስብርባሪ የሰው ፊት ላይ ፀሐይ እያንጸባረቅን የተገረፍንበት ጨዋታ ነው፤ በማዘጋጃ ቤት በጀት።

በመጨረሻ፣ ይህን ጠረጴዛ ላይ ያለውን ነገር ላሳያችሁ። ሦስት ጠፍጣፋ መስታወቶች ናቸው፤ እንደ ክፍል ጥግ፣ ሁለቱ ግድግዳ አንዱ ወለል ሆነው ቀጥ ባለ ማዕዘን ተጋጥመዋል። ይህ ጥግ አንድ ጠባይ አለው። ብርሃን ከየትም አቅጣጫ ቢገባበት፣ ከመስታወት ወደ መስታወት ነጥሮ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። የብስክሌት ጀርባ ላይ ያለው ቀይ ፕላስቲክ በእነዚህ ጥቃቅን ጥጎች የተሞላ ነው፤ ለዚህ ነው የመኪናው መብራት ከየትም ቢመጣ ለሾፌሩ የሚበራው። የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1969 እንዲህ ያሉ 100 ጥጎች የተደረደሩበት ሰሌዳ ጨረቃ ላይ አስቀምጠው ተመልሰዋል። ሽቦ የለውም፣ ባትሪ የለውም። ከመሬት ሌዘር ሲላክበት ከሁለት ሰከንድ ተኩል በኋላ መልሱን ይሰጣል። ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር እየራቀችን መሆኗ የተለካው በእሱና ከእሱ በኋላ በተተከሉት ነው።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። የሌለው ግን ሳይወጣ ወደዚህ ጠረጴዛ መጥቶ ሦስቱ መስታወቶች የሚገናኙበትን ጥግ በአንድ ዓይኑ ይመልከት። ከግራም ከቀኝም፣ ጎንበስ ብሎም ሆነ ቀና ብሎ፣ በጥጉ ነጥብ ላይ የሚያገኘው የራሱን ዓይን ነው።